ፈርጡ ምን ላይ ተቀምጧል?

በኛ አገር ጋዜጣ ላይ ስሙ ተነስቶ "ፈርጥ" ያልተባለ ሰው ማግኘት እየከበደ መጥቷል። ድምፃዊው የሙዚቃችን ፈርጥ ነው፤ አሠልጣኙ የእግር ኳሳችን ፈርጥ ነው። ሰውየው ካረፈ ደግሞ፣ ነፍስ ይማርና፣ በሕይወት ሳለ አንዲት መስመር ያልጻፈለት ጋዜጣ ሳይቀር በማግሥቱ "የጥበብ ፈርጥ አጣን" ብሎ ይወጣል። ቃሉ ቆንጆ ነው፤ አልጠላውም። ነገር ግን ከመነሻው ርቆ ስለ ሄደ ተናጋሪውም ሰሚውም ፈርጥ ምን እንደ ነበረ ረስተውታል። ፈርጥ ማለት በቀለበት፣ በጉትቻ ወይም በዘውድ ላይ የሚተከለው ዕንቁ ነው። መተከል አለበት። በራሱ የቆመ ፈርጥ የለም፤ በራሱ ከቆመማ ድንጋይ ነው።

ስለዚህ ዛሬ የማነሳው ጥያቄ የአንጥረኛ ጥያቄ ነው፦ ፈርጡ ምን ላይ ተቀምጧል?

ጌጡ ድፍን ወርቅ ከሆነ መልሱ ቀላል ነው፤ ወርቅ ላይ ነዋ! ግን ድፍን ወርቅ ውድ ነው፤ ከባድም ነው። ከጥንት ጀምሮ የወርቅ ሠሪ ብልሃት እኩሌታው ጥቂቱን ወርቅ ብዙ አስመስሎ ማሳየት ነው። ወርቁን ቀጥቅጦ ያሳሳዋል፤ ፊትና ጀርባውን ለየብቻ ቅርጽ አውጥቶ ይበይዳቸዋል፤ ውስጡ ባዶ ይቀራል። "ቀፎ ጌጥ" ልበለውና አምባሩ ወፍራም ይመስላል፤ ጉትቻው ጆሮ አይጎትትም፤ የገዢውም ኪስ አይራቆትም። መቼም ይህን ያህል ከተገኘ ምን ቀረ ያሰኛል።

ችግሩ የሚመጣው በዚህ ቀፎ ላይ ፈርጥ እንትከል የተባለ ዕለት ነው። ድንጋይ የሚያዘው በግፊት ነው። አንጥረኛው ድንጋዩን ጎጆው ውስጥ አስቀምጦ፣ የወርቁን ከንፈር ዙሪያውን በብረት እየገፋና እየደፈጠጠ ወደ ድንጋዩ ያለብሰዋል። ይህን ሲያደርግ ከሥር የሚመክትለት ነገር ከሌለ ስሱ ግድግዳ ይሰረጉዳል፤ ጎጆው ይጣመማል፤ ድንጋዩም ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይ ዛሬ የተያዘ መስሎ ነገ ሠርግ ቤት ውስጥ ይወልቃል። እናም ቀፎው መሞላት አለበት። በምን? እሳት ሲነካው የሚለሰልስ፣ በየጥጋጥጉ ገብቶ የሚሞላ፣ ሲቀዘቅዝ የሚጠነክር፣ ሲጠነክር ግን እንደ ድንጋይ የማይገግም፣ የመዶሻውን ምት ተቀብሎ የሚያበርድ ነገር ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ርካሽ መሆን አለበት፤ አለዚያማ ወርቅ ለመቆጠብ የተሠራው ቀፎ ትርጉሙ ምኑ ላይ ነው? ሰም፣ የዛፍ ሙጫ፣ ዝፍት፣ ድኝ፣ የጡብ ዱቄት፣ አሸዋ፤ የወርቅ ሥራ ታሪክ ከውስጥ ሲታይ የእነዚህ ታሪክ ነው።

ስለዚህ ነገር ጽፈው ካቆዩልን ሰዎች አንዱ ሮማዊው ፕሊኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ79 ዓ.ም. የቬሱቪየስ ተራራ ሲፈነዳ የሞተው ያ ፕሊኒ፣ ዓለም ላይ ያለውን ነገር ሁሉ መዝግቦ ሊጨርስ የተነሳ የሚመስል ሰው ነበር። "የተፈጥሮ ታሪክ" በተባለው መጽሐፉ 33ኛ ክፍል ውስጥ ስለ ወርቅ ሲያወራ የሮማ ሰዎች በቀለበት እንዴት እንዳበዱ ያማርራል። አንዱ የቀለበቱን ክብደት እዩልኝ ይላል፤ ሌላው ከአንድ በላይ ማድረግ ይከብደኛል ይላል። ሌሎች ደግሞ፣ ይላል ፕሊኒ፣ ምናልባት ቢወድቅ ፈርጡ እንዳይጎዳ ብለው ስሱን ወርቅ ቀለል ባለ ነገር ይጠቀጥቁታል። ቀጠል ያደርግና ከፈርጡ ሥር መርዝ የሚደብቁም አሉ ብሎ የግሪኩን የንግግር ሰው ዴሞስቴኔስን ይጠቅሳል። ይህን ሁሉ የሚለው በአንድ ትንፋሽ ነው። እኔን የሚገርመኝም ይኸው ነው፤ ያው አንድ ባዶ ቦታ ነው፤ አንዱ ለድንጋዩ ፍራሽ ያነጥፍበታል፣ ሌላው ሞቱን ያስቀምጥበታል።

ከፕሊኒ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ አርጤሚዶሮስ የሚባል ሰው በግሪክኛ የሕልም ፍቺ መጽሐፍ ጻፈ። የኛ አያቶች ጥርስ ወለቀ፣ ወንዝ ተሻገርኩ ሲባል እንደሚፈቱት ሁሉ እሱም የቀለበትን ሕልም ይፈታል። ድፍን ቀለበት በሕልም ማየት መልካም ነው። ውስጡ ባዶ ሆኖ ድኝ የተሞላ ቀለበት ያየ ግን ተንኮልና ማታለል ይጠብቀዋል፤ ምክንያቱም በውስጡ የተደበቀ ነገር አለ። ወይም ደግሞ ከሚያገኘው በላይ ተስፋ ያደርጋል፤ ምክንያቱም የቀለበቱ ግዝፈት ከክብደቱ ይበልጣልና። ሕልም ፈቺው ይህን ያህል የሚጠነቀቅላት ከሆነ ድኝ የተሞላች ቀለበት በገበያው የታወቀች ነበረች ማለት ነው። ድኝ በትንሽ እሳት ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ ከወርቅ ደግሞ ዘጠኝ ጊዜ ያህል ይቀላል።

በአርጤሚዶሮስ ፍቺ በግማሹ ብቻ እስማማለሁ። ግዝፈትና ክብደት ያልተመጣጠኑበት ነገር ተስፋን ከልክ በላይ ያስረዝማል፤ ይህን ለማወቅ በሐተታ ብቻ ዶክተር የተባሉ ሰዎችን መቁጠር ይበቃል። ድኙን ግን ለምን ይወቅሳል? የታወቀ ቀፎን "ቀፎ ነው" ብሎ የሸጠ ሰው ማንንም አላታለለም። ማታለሉ ያለው ሚዛኑ ላይ ነው፤ ድኙን በወርቅ ዋጋ ሲመዝኑት። ድኙማ ድንጋዩን ይዞ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ከውስጥ የሚደግፍ ነገር ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሥራው እስኪያልቅ አገልግሎ የሚሄድ ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ቴዎፍሎስ በሚል ስም የጻፈ አንድ የአውሮፓ መነኩሴ ስለ ልዩ ልዩ ጥበባት ባዘጋጀው መጽሐፍ አሠራሩን ያስተምራል፦ ጡብ ወይም ሸክላ አልሞ መፍጨት፣ ሙጫና ሰም አቅልጦ ከዱቄቱ ጋር ማዋሃድ፣ የብሩን ዕቃ በዚህ መሙላት፣ ሲቀዘቅዝ ከላይ ቅርጹን መምታት፣ በመጨረሻ አሙቆ ማፍሰስ። ፍሎረንሳዊው ቤንቬኑቶ ቼሊኒም እ.ኤ.አ. በ1568 ባሳተመው የወርቅ ሥራ መጽሐፉ ከዚህ ብዙ የማይርቅ ነገር ይናገራል። ቼሊኒ ራሱን ለማወደስ ቃል የማያጥረው ሰው ነበር፤ ያም ሆኖ ዝፍቱን አልረሳም። ዛሬም ፈርጥ የሚተክሉ ባለሙያዎች ቀፎ ቀለበት ሲመጣላቸው በሰም ወይም በሙጫ ሞልተው ይሠሩና ሲጨርሱ ያወጡታል።

ሁለተኛው ዓይነት ገብቶ የሚቀር ነው። ለዚህ ወደ ሕንድ መሄድ ይኖርብናል፤ ምክንያቱም የሚቀረውን ድጋፍ እንደ ሕንዶች ወደ ትልቅ ጥበብ ያሳደገው የለም። በሙጋል ነገሥታት ዘመን የደመቀው፣ ኋላም በራጃስታን በተለይም በጃይፑር ከተማ ሥር የሰደደው ይህ ሥራ ኩንዳን ይባላል። እዚያ ቀፎው የሚሞላው ላክ በሚባል ሙጫ ነው። ላክ የዛፍ ሙጫ እንዳይመስላችሁ። አንዲት ደቃቅ ነፍሳት ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቃ የዛፉን ፈሳሽ እየመጠጠች ከገላዋ የምታወጣው ነው። ሰዎች ከቅርንጫፉ ፍቀው፣ አጥበውና አቅልጠው ያዘጋጁታል። እንግዲህ የማሃራጃውን አልማዝ የተሸከመችው ነፍሳት ናት ማለት ነው!

የኩንዳን አሠራር ቅደም ተከተል አለው፤ ቢዛባ ጌጡ ይበላሻል። መጀመሪያ ወርቁ ተቀጥቅጦ ቀፎው ይሠራል። ቀጥሎ በጀርባው በኩል አበባና ወፍ ይቀረጽበትና ቅርጹ ውስጥ ባለቀለም ብርጭቆ በዱቄት መልክ ተሞልቶ በእሳት ይቀልጣል፤ ይህ ኢናሜል ነው። ለኢናሜሉ ከ700 ዲግሪ በላይ የሆነ እሳት ያስፈልጋል፤ ላክ ግን ገና 100 ሳይሞላ ይልማል። ስለዚህ እሳት የሚፈልገው ሥራ ሁሉ አስቀድሞ ማለቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ነው ላኩ ለስልሶ ቀፎውን የሚሞላው። ለድንጋዩ ቦታ ይከፈትለታል፤ ከሥሩ ብርሃን የሚመልስ ስስ የብረት ቅጠል ይነጠፍለታል፤ ድንጋዩ ይቀመጣል። አሁን የቀረው ማሰር ነው።

ማሰሪያው ራሱ ነው "ኩንዳን" የተባለው፤ እስከሚቻለው ድረስ የጠራ ወርቅ፣ ተቀጥቅጦ እንደ ክር የቀጠነ። ፈርጥ ተካዩ ይህን በድንጋዩ ዙሪያ እየጠቀጠቀ በብረት ይጫነዋል። ንጹሕ ወርቅ የሚገርም ጠባይ አለው፤ ያለ እሳት፣ ያለ ብየዳ፣ በግፊት ብቻ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ጥፍር የለው፣ ምስማር የለው፣ ድንጋዩ ወርቅ ውስጥ የበቀለ ይመስላል። ያ ሁሉ ግፊት የሚያርፈው ደግሞ ከሥር ባለው ላክ ላይ ነው። ላኩ ባይኖር ቀፎው በመጀመሪያው ጫና ይጨማደድ ነበር።

በዚህ ሥራ ላይ እንደ ልማዱ አንድ ሰው ብቻ አይሰማራም። ንድፍ አውጪው ሌላ፣ ወርቅ ሠሪው ሌላ፣ ቀራጩ ሌላ፣ ኢናሜል ሠሪው ሌላ፣ ፈርጥ ተካዩ ሌላ። እያንዳንዱ ሙያውን ካባቱ የተቀበለ ነው። ሻህ ጃሃን እ.ኤ.አ. በ1635 በፒኮክ ዙፋን ላይ ተቀመጠ፤ የኢራኑ ናዲር ሻህ በ1739 ዴልሂን ዘርፎ ዙፋኑን ወሰደው። ያስቀመጠውንም የወሰደውንም ታሪክ በስም ያውቃቸዋል። በዚያ ዘመን ላክ ሲሞላ የዋለውን ሰውዬ ስም ግን ማን ይንገረን?

ላኩ በውስጡ መቅረቱ ደግሞ ያን የጥንቱን የሚዛን ጣጣ ይዞ መጣ። የኩንዳን ጌጥ ሲመዘን ወርቁም፣ ድንጋዩም፣ ላኩም አብረው ይመዘናሉ። እናት ለልጇ አውርሳው፣ ልጅ ቸግሯት ልትሸጠው ገበያ ስትወጣ ገዢው የላኩን ይቀንሳል፣ የድንጋዩን ይቀንሳል፤ ለጌጡ ከተከፈለው ብዙው ለእጅ ሥራ የተከፈለ መሆኑ ያን ጊዜ ይታወቃል። የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 የወርቅ ጌጥ ሁሉ የጥራት ማኅተም ይኑረው ብሎ ሲያስገድድ ኩንዳንንና መሰሎቹን ከግዴታው ውጪ አድርጓቸዋል። እንዴት ይመርምራቸው? ወርቁን ለብቻው ልመዝን ያለ ጌጡን ማፍረስ ይኖርበታል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የኛ አንጥረኛ ከድንጋይ ይልቅ የወርቅና የብር ክር ሥራ ይወዳል፤ ፈርጥ የበዛበት ጌጥ የቤተ መንግሥትና የቤተ ክርስቲያን ነበር። ሚዛኑ ላይ ግን እኛም አንታማም። ወርቅ በወቄት ሲመዘን ኖሯል፤ ወቄቱም 28 ግራም ያህል የሚመዝነው የማርትሬዛ ጠገራ ብር ክብደት ነው። ጠገራው ራሱ ወደ አንጥረኛ እየሄደ ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆኗል። እኔን ግን ከሚዛኑ ይልቅ ቃሉ ይበልጥ ይስበኛል። ብዙ ዘመን ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ሰም የሚል ቃል ሰምቶ ዝም ሊል አይችልም።

"ሰምና ወርቅ" የሚለው የቅኔ ስያሜ ከአንጥረኛ ቤት የወጣ መሆኑን ተማሪ ሁሉ ይማራል። አንጥረኛው መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ያበጃል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቦታው ወርቁ ይፈስሳል። ባለ ቅኔውም እንዲሁ ነው፤ ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም ሰም፣ የተሸሸገው ወርቅ። ክፍል ውስጥ ቁም ነገሩ ሁልጊዜ ወርቁን ማግኘት ነው፤ ሰሙ ለተላላ የሚተው ነው። የቀፎ ጌጥ ግን ይህን ገለበጠው። ወርቁ ላይ ላዩን ነው፤ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። የተሸሸገው፣ ፈትቶ ማግኘት የሚያስፈልገው፣ ሰሙ ነው። የሕንዱ ፈርጥ ተካይ ቅኔ ቢዘርፍ "ወርቁን ተውና ሰሙን ፈልግ" ሳይል አይቀርም።

እኛ አገር ሰሙ ብቻ አይደለም ተላላ የተባለው፤ ሰሙን የያዘው እጅ ጭምር እንጂ። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን ምን እንል እንደ ነበር አንባቢ ያውቀዋል፤ መዘርዘር አያስፈልግም። ጠይብ የሚለው ስድብ ጠቢብ ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። አዋቂ ማለት የነበረው ቃል ቡዳ ወደ ማለት እስኪጠጋ ድረስ አወረድነው። በጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች የሠሩት ማረሻ መሬቱን ያርስ ነበር፤ እነሱ ግን ርስት አልነበራቸውም። በቀን ዕቃቸውን እንገዛለን፤ በማታ "ዓይናቸው እንዳይበላን" ብለን ልጆቻችንን እንደብቃለን። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉሃል ይኼ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ብረት የሚሠራው፣ የሚሸምነው፣ የሚጽፈው፣ የሚነግደው በየስድቡ እየተጠራ እንዳይዋረድ የሚል ነው። ያ አዋጅ ዛሬ በየመድረኩ እንደ መኩሪያ ይነበባል፤ ይነበብ። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። ንጉሠ ነገሥት አዋጅ እስኪያስነግር ድረስ ስድቡ የዕለት ተዕለት ቋንቋ ነበር ማለት ነው። ያንኑ አዋጅ ያስነገሩት ንጉሥ የደፉት ዘውድ ደግሞ አንጥረኛ የሠራው ነው።

ስድቡ በአደባባይ ጠፍቷል፤ በጋብቻ ጊዜ ብቅ ማለቱን ግን አልተወም። ልማዱ መልኩን ቀይሮ በጋዜጣችን ውስጥም አለ። ጥላሁን ገሠሠ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር አለቀሰ፤ ይገባዋል። ፈርጥ ተባለ፤ ለእሱስ ቃሉ ቦታውን አገኘ። ነገር ግን ያ ድምፅ የተቀመጠው ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ላይ ነበር፤ ኖታ አንብበው ትራምፔትና ሳክስፎን በሚነፉ ባለ ማዕረጎች ላይ፣ ግጥም ጽፈው በሰጡ፣ ዜማ በቀመሩ ሰዎች ላይ። ሸክላው ላይ ግማሾቹ ስማቸው የለም። ከእነዚህ አንዱ ሲሞት በየትኛው ጋዜጣ፣ በስንተኛው ገጽ ነበር የወጣው? የአንዱን ፈርጥነት መካድ አያስፈልግም፤ የኔ ጥያቄ ቅድም ያነሳሁት ያው ነው፤ ምን ላይ ተቀመጠ?

በሌላ በኩል ውስጡ ያልተሞላ ፈርጥም ሞልቶናል። ሽልማት የተደረደረለት፣ ቢሮው የሰፋ፣ ስሙ በወርቅ ቀለም የተጻፈለት፣ ከሥሩ ግን የሚመክት አንድም ባለሙያ የሌለው መሥሪያ ቤት ስንት አለ? ትንሽ ጫን ሲሉት ይሰረጉዳል። ያን ጊዜ ሁላችንም የምንጮኸው ድንጋዩ ወለቀ ብለን ነው። አዲስ ድንጋይ ይሾምበታል፤ እሱም ይወልቃል።

ቀፎ ጌጥ ሲሰበር ጥገናው እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ አንጥረኛ እንዲህ አያደርግም። ውስጡ ሰም ወይም ላክ ያለበትን ጌጥ ዝም ብሎ እሳት አያስነካውም፤ ሙሌቱ ፈልቶ ቀፎውን ሊያፈነዳው፣ ድንጋዩንም ሊያጠቁረው ይችላል። መጀመሪያ ፈርጦቹን አንድ በአንድ አውልቆ በወረቀት ጠቅልሎ ያስቀምጣል። አሮጌውን ሙሌት በቀስታ አሙቆ ያወጣል። ባዶውን ቀፎ ያጸዳል፤ የተሰረጎደውን ከውስጥ ይገፋል፤ የተሰነጠቀውን ይበይዳል፤ ሲበይድም የሞቀው አየር መውጫ እንዲያገኝ ትንሽ ቀዳዳ ይተውለታል። ከዚያ አዲስ ሙጫ ያቀልጥና እስከ ጥጉ ይሞላዋል፤ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል። በወረቀት የተጠቀለሉት ፈርጦች የሚፈቱት ከዚያ በኋላ ነው።